ፋብሪካው ይሥራ፣ ፍሳሹም ይለካ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተውን ጽሑፍ ብዙዎቻችሁ ሳታነቡት አልቀራችሁም። ጸሐፊው የፋብሪካ ልቀትንና ብክለትን የሚገድቡ የመንግሥት ፖሊሲዎች ለኢትዮጵያ ጊዜያቸው ያልደረሰ ቅንጦት ናቸው ብለው ይከራከራሉ። ምክንያቶቻቸው ባጭሩ እነዚህ ናቸው። የኢንዱስትሪያችን ልቀት እዚህ ግባ የማይባል ነው። ኤሌክትሪካችን ከውኃ ስለሚመነጭ ፋብሪካዎቻችን ከመነሻቸው ንጹሕ ናቸው። ጥብቅ ደረጃ ባለሀብት ያሸሻል። በብክለት ላይ የሚጣል ክፍያ ገና ዳዴ የሚለውን ኢንዱስትሪ ያደርቀዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ፣ ሲመረት በተለቀቀው ካርቦን ልክ የሚጥለው የካርቦን ቀረጥ የውጭ ጫና ስለሆነ ልንንበረከክለት አይገባም። ስለዚህ ለጊዜው ምክርና ሥልጠና ይበቃል፤ አስገዳጁ ሕግ ሲደርስ ይደርሳል።

ጽሑፉ ጥሩ ብዕር አለው፤ ግማሹም እውነት ነው። መልስ የሚያሻውም ለዚሁ ነው፤ ሙሉ ለሙሉ የተሳሳተ ቢሆን ኖሮ ማንም ባላጋራው ነበር።

ከልቀቱ ማነስ እንጀምር። ቁጥሩ ልክ ነው። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው የአገሪቱ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የእ.ኤ.አ. 2010ን ጠቅላላ ልቀት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሒሳብ 150 ሚሊዮን ቶን አድርጎ መዝግቧል። ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእርሻ፣ ከከብት እርባታና ከደን ጭፍጨፋ የመጣ ነበር። ኢንዱስትሪው 3 በመቶ ያህል፣ ወደ 4 ሚሊዮን ቶን ብቻ ነበረው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆመዋል። ሰነዱ ግን አልቆመም፤ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ የኢንዱስትሪው ልቀት እ.ኤ.አ. በ2030 71 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ተንብዮ፣ ከዘርፎች ሁሉ ፈጥኖ የሚያድገው ይኸው መሆኑን አስፍሯል። እርግጥ ትንበያው የተጋነነ ነበር። የሲሚንቶ ምርት በሃያ ዓመት ውስጥ ከ2.7 ሚሊዮን ወደ 65 ሚሊዮን ቶን ያድጋል ከሚል ግምት የተነሣ ነው፤ ዛሬ ያለንበት ደግሞ ከዚያ እጅግ የራቀ ነው። የተጋነነው ግን ፍጥነቱ ነው፤ አቅጣጫውን ማንም አልካደም።

የክሊንከር፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ የሚገኘው የሲሚንቶ ዋና ግብአት፣ ምድጃ አንዴ ከተተከለ ሠላሳና አርባ ዓመት ይሠራል። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር በወጣትነት የተቀጠሩት ሠራተኞች ዛሬ ጡረተኞች ናቸው፤ ፋብሪካው ግን አለ። ልቀታችን ትንሽ ነው እያልን ዛሬ እንደነገሩ የምንተክለውን፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት በብዙ ዋጋ ይነቅሉታል ወይም ይሸከሙታል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ቅጠሉ የሚበቃው እሳቱ ትንሽ ሳለ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጸሐፊው «ልቀት» ሲሉ ካርቦንን ብቻ ማለታቸው ነው ያስገረመኝ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካም ወጣ ከሻንጋይ የሚቀላቀለው አንድ ሰማይ ውስጥ ስለሆነ፣ ድርሻችን ስንት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮም፣ ቆዳ የሚለፋበት ኬሚካል፣ ግን ወደ ሰማይ አይሄድም። የሚሄደው ወደ አቃቂ ወንዝ ነው፤ ወደ ሞጆ ወንዝና ወደ ቆቃ ሐይቅ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን ሰንጥቀው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ በዳርቻቸው ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን በመስኖ ይለማል። ተመራማሪዎች በዚያ አፈርና አትክልት ውስጥ እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን እየደጋገሙ አግኝተዋል። ቆስጣው ተሸጦ የሚበላው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ልቀት ውስጥ ያላት ድርሻ ከአንድ በመቶ በታች መሆኑ ለቆስጣው ምን ይፈይድለታል?

ወደ ኤሌክትሪኩ ልለፍ፤ ጸሐፊው ብዙ ቀለም ያፈሰሱት በዚህ ላይ ነው። አዎ፣ የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃና ከነፋስ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ብዙ አገሮች ገና በቢሊዮኖች እያወጡ የሚያሳድዱትን እኛ ይዘነዋል። ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ፋብሪካዎቻችን ንጹሕ ናቸው» ማለት ግን የሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ ምድጃውን ያላየ ሰው ድምዳሜ ነው።

በስትራቴጂው መሠረት ከኢንዱስትሪያችን ልቀት ግማሽ ያህሉ የሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ደግሞ ከኤሌክትሪክ ጋር ያለው ጉዳይ ትንሽ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚሠራው ድንጋይ መፍጨትና ምድጃ ማዞር ነው። ምድጃውን 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚያደርሰው እሳት ግን የሚነድደው በድንጋይ ከሰል ነው፤ ለዓመታት ከደቡብ አፍሪካ በውጭ ምንዛሪ ሲገባ የኖረ፣ አሁን ደግሞ መንግሥት በአገር ውስጥ ከሰል ለመተካት እየገፋው ያለ። ይህም ቢሆን ከልቀቱ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ልቀት የሚመጣው ከድንጋዩ ከራሱ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ኖራው ይቀራል፣ በውስጡ ታስሮ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አንድ ቶን ክሊንከር ለማምረት ነዳጁን ሳንቆጥር ከድንጋዩ ብቻ ከ500 ኪሎ ግራም የማያንስ ጋዝ ይለቀቃል። ምድጃውን በጸሐይ ብርሃን ብታሞቁትም ይህ ጋዝ አይቀርም። ስለዚህ የሕዳሴ ግድብ ሦስት እጥፍ ቢሆንም የሲሚንቶን ልቀት ከግማሽ በላይ አይነካውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ክሊንከሩን መቀነስ ነው፤ ይህ ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ማንኛውም ግንበኛ ኦፒሲና ፒፒሲ የሚባሉትን ሁለት ዓይነት ሲሚንቶዎች ያውቃል። ኦፒሲ ከሞላ ጎደል ክሊንከር ብቻ ነው። ፒፒሲ ውስጥ ግን የክሊንከሩ አንድ ክፍል በፑሚስ ተተክቷል። ፑሚስ ደግሞ እሳተ ገሞራ የተወልን ድንጋይ ነው፤ ስምጥ ሸለቆ በሞላ በእርሱ የተነጠፈ ነው፤ ለመጠቀምም መቃጠል አያስፈልገውም። በሌላው ዓለም ለዚሁ ሥራ ከከሰል ማመንጫ የሚወጣ አመድ ይፈለጋል፤ እኛ ዘንድ ተፈጥሮ አቃጥላ ጨርሳዋለች። ከዚህም አልፎ የስዊዘርላንድ፣ የኩባና የህንድ ተመራማሪዎች ያዳበሩት፣ የተቃጠለ ሸክላ አፈርና ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ደባልቆ ክሊንከሩን ወደ ግማሽ የሚያወርድ ሲሚንቶ አለ፤ ልቀቱን እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ነው የመንግሥት ፖሊሲ የሚፈለገው፤ መቅጣት ሳያስፈልገው እንኳ። በዚህች አገር ትልቁ የሲሚንቶ ገዢ ማን ነው? መንገዱን፣ ግድቡን፣ የጋራ መኖሪያ ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን የሚያሠራው መንግሥት ነው። ፒፒሲ በሚበቃበት ሥራ ላይ ኦፒሲ እንዳይገዛ የጨረታ ሰነዱ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር፣ ፋብሪካዎቹ ማንም ሳይጎተጉታቸው ምርታቸውን ያስተካክላሉ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ ይህንኑ ነው ያደረገችው፤ ለግዛቲቱ ግንባታ የሚገዛ የአርማታ ብረት፣ የግንባታ ብረት፣ መስታወትና የሙቀት መከላከያ ሱፍ ሲመረት የሚለቀው ካርቦን ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ አዘዘች። ገንዘቡ የሕዝብ ከሆነ ምን እንደሚገዛበት መምረጥ የሕዝብ መብት ነው የሚል ቀላል ሐሳብ ነው።

ስለ ሲሚንቶ ይህን ያህል ካልኩ ስለ ብረትና ስለ ጨርቃ ጨርቅ ባጭሩ ልጥቀስ። በአቃቂ፣ በገላንና በቢሾፍቱ አካባቢ ቁርጥራጭ ብረት አቅልጠው ፌሮ የሚያወጡ ፋብሪካዎች በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ በካርቦን በኩል የጸሐፊው ሐሳብ ይሠራላቸዋል። ቀለም የተቀባና ዚንክ የተለበጠ ቁርጥራጭ ሲቀልጥ የሚወጣውን የብረት ብናኝ ግን ግድቡ አያጣራውም፤ የሚያጣራው በጭስ መውጫው ላይ የሚገጠም ማጣሪያ ነው። ጨርቅ ለማቅለምና ለማጠብ የሚያስፈልገው እንፋሎት ደግሞ በብዙ ቦታ የሚመጣው ጥቁር ናፍጣ ከሚያነድድ ቦይለር ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቦይለር አለ፤ የማይገዛው መብራት በየሰዓቱ ስለሚጠፋ ነው። ለዚህ እንኳ ፋብሪካውን አልወቅስም፤ የማከፋፈያ መስመር ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው እንምጣ፤ ባለሀብት ይሸሻል ወደሚለው። ጸሐፊው ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን ነው። እንደ እርሳቸው አባባል ፓርኩ ጠብታ ፍሳሽ እንዳያወጣ ተብሎ ውድ ማጣሪያ ተተከለለት፤ ከዚያ ታላላቅ ኩባንያዎች ጥለውት ሄዱ። ሁለቱ ነገሮች ተከታትለው ሆነዋል፤ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት ግን ዶሮ ስለጮኸ ነጋ እንደማለት ነው።

የሆነው ይህ ነው። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር ፍሳሽ አጣርቶ መልሶ ጥቅም ላይ የሚያውል ማዕከላዊ ማጣሪያ ይዞ ነው የተነሣው። ይህ የሆነው ለጌጥ አልነበረም። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2013 በባንግላዴሽ የራና ፕላዛ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሠራተኞች ካለቁ በኋላ፣ ታላላቅ የልብስ ኩባንያዎች ስማቸው የማይጎድፍበት ቦታ ሲያፈላልጉ ነበር። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች ወደ ሐዋሳ ሲመጣ ማጣሪያው አንዱ ማማለያ ነበር እንጂ ማባረሪያ አልነበረም። ፒቪኤች መውጣቱን ያስታወቀው ኅዳር 2014 ዓ.ም. ላይ ነው፤ ጦርነቱ በተፋፋመበት፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ልታስወጣ በተቃረበችበት ሰዓት። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የቀረጥ ነጻ ዕድሉ ተዘጋ። በዚህ መካከል ማጣሪያው ምን አጠፋ?

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። እንዲህ ያለ ማጣሪያ ውድ ነው፤ ውኃውን አትንኖ ጨውን ለመለየት ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ የሚቀረው ጨውና ዝቃጭም ራሱ የሚጣልበት ቦታ ይፈልጋል። ሼዶቹ ባዶ ሲሆኑ የማጣሪያው ወጪ በቀሩት ጥቂት ፋብሪካዎች ትከሻ ላይ ይወድቃል። ከሐዋሳ ሌላ፣ የሚፈስ ትልቅ ወንዝ ባለበት ቦታ ሁሉ ይህንኑ መትከል ተገቢ ነው ብዬ አልከራከርም፤ በደንብ የሚሠራ ተራ ማጣሪያ፣ ከማይሠራ ውድ ማጣሪያ ይሻላል። ይህ ግን ደረጃው ከቦታው ጋር ይመጣጠን የሚል ክርክር ነው፤ ደረጃ አያስፈልግም የሚለውን አያረጋግጥም።

ደረጃ መላላቱ ባለሀብት የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ የቆዳው ዘርፍ ዛሬ በለማ ነበር። ታሪኩ ትምህርት አለው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልክ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ጣለ፤ ቆየት ብሎም ቀረጡን «ክረስት» ለሚባለው፣ ተለፍቶና ደርቆ የማጠናቀቂያ ሥራ ብቻ ለሚቀረው ቆዳ አራዘመው። ሐሳቡ እሴቱ እዚሁ ይጨመር ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ቀድሞ በአሲድና በጨው ተዘጋጅቶ፣ ክሮም ሳይነካው ይሄድ የነበረው የበግ ሌጦ ከዚያ በኋላ ክሮሙን እዚሁ ጠጣ። እሴቱ ወደ አገር ሲገባ ቆሻሻውም አብሮ ገባ፤ ማጣሪያው ግን እኩል አልገባም። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው ከሚቀርብለት ክሮም የሚቀበለው ከ60 እስከ 70 በመቶ ገደማ ነው፤ ሌላው ከፍሳሹ ጋር ይሄዳል። ክሮሙን በማግኒዥየም ኦክሳይድ አዝቅጦ፣ በሰልፈሪክ አሲድ መልሶ አሟሙቶ እንደገና መጠቀም ለአሥርተ ዓመታት የታወቀ ሥራ ነው። በዶላር የሚገዛ ኬሚካል ወንዝ ውስጥ መድፋት በየትኛው የሒሳብ መዝገብ ትርፍ ተብሎ እንደሚጻፍ አላውቅም። ደግሞም ስም ያላቸው የጫማና የቦርሳ ኩባንያዎች ዛሬ ቆዳ ሲገዙ የፋብሪካውን የአካባቢ አያያዝ የምስክር ወረቀት ይጠይቃሉ፤ የቆዳ ፋብሪካዎችን የአካባቢ አያያዝ የሚመዝነው የሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ ደረጃ የሌለው ፋብሪካ የሚያገኘው ገዢ ርካሽ ፈላጊውን ነው። ልል ደረጃ ያተረፈልን ይህንን ነው።

የምሥራቁን ምሳሌ የሚያነሡም አሉ፤ ቻይና ያደገችው እየበከለች ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ወጪውን ከቻይና በላይ የሚያውቀው የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ግዙፍ የአየር ብክለት መከላከያ ዕቅድ አውጥታ ማጽዳት ጀመረች፤ በ2021 ብሔራዊ የካርቦን ገበያ ከፈተች፤ በ2025 ሲሚንቶን፣ ብረትንና አሉሚኒየምን አስገባችበት። ወደ እኛ የሚመጣ የቻይና ሲሚንቶ አምራች በአገሩ ልቀቱን እየለካ ሪፖርት ማድረግ ግዴታው ነው። እዚህ ሲደርስ መለካት አይችልም ብሎ የሚከራከርለት ኢትዮጵያዊ ማግኘቱ ግን ያሳዝናል።

በብክለት ላይ የሚጣል ክፍያ ኢንዱስትሪውን ያደርቃል ለሚለው የስዊድንን ልምድ ላንሣ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1992 በትላልቅ ቦይለሮች በሚለቀቅ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ላይ በኪሎ ግራም 40 ክሮነር ክፍያ ጣለች። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ብልሃቱ ያለው የተሰበሰበው ገንዘብ የት ሄደ በሚለው ላይ ነው፤ ከአስተዳደር ወጪ የተረፈው በሙሉ ለእነዚያው ፋብሪካዎች ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን በለቀቁት ጋዝ መጠን ሳይሆን ባመነጩት ኃይል መጠን ነው። ብዙ አምርቶ ጥቂት የበከለ ከከፈለው በላይ ተቀበለ፤ ጥቂት አምርቶ ብዙ የበከለ ከፋይ ሆኖ ቀረ። ገንዘቡ ከዘርፉ አልወጣም፣ ቦታ ነው የቀየረው። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ለአንድ መጠን ኃይል የሚለቀቀው ጋዝ በግማሽ ያህል ወረደ።

የእኛም ሕግ ቢሆን በዱላ ብቻ የተጻፈ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ከማለቱም ሌላ፣ ብክለትን ለመቆጣጠር የሚገባ አዲስ መሣሪያ በአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ሲረጋገጥ ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ እንዲሆን ደንግጓል። ጸሐፊው ይህን አንቀጽ አላነሡትም። «ኢንዱስትሪው ማበረታቻ እንጂ ቅጣት አያስፈልገውም» ብሎ ለመጻፍ፣ በሕግ የተጻፈውን ማበረታቻ ማንበብ ያስፈልግ ነበር። ቅጣቱም ቢሆን እንደተፈራው አይደለም። መቀጮው በአዋጁ ላይ በብር ተወስኖ ተጽፏል፤ አዋጁ ሲወጣ አንድ ዶላር ዘጠኝ ብር አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከመቶ ብር በላይ ነው። ማጣሪያ ከመግዛት መቀጮ መክፈል ርካሽ የሆነበት ፋብሪካ የሚመርጠው ምን እንደሆነ ለመገመት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

በአውሮፓ የካርቦን ቀረጥ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ጸሐፊው ከሚገባው በላይ ፈርተውታል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ጀምሮ በሪፖርት፣ ከጥር 2026 ጀምሮ ደግሞ በክፍያ ተግባራዊ የሆነው ይህ ሥርዓት የሚመለከተው ሲሚንቶን፣ ብረትን፣ አሉሚኒየምን፣ ማዳበሪያን፣ ሃይድሮጅንንና ኤሌክትሪክን ነው። እኛ ለአውሮፓ የምንሸጠው ቡና፣ አበባ፣ ልብስና ቆዳ ነው፤ አንዱም የለበትም። ስለ ፍትሐዊነቱ የሚነሣው ጥያቄ አግባብ አለው፤ እኔም እስማማለሁ። ግን ያልደረሰብንን ቀረጥ ጠርቶ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ የደረሰውን መከለል አግባብ አይደለም። አዋጅ 300ን የጻፈልን ብራሰልስ አይደለም፤ የራሳችን ምክር ቤት ነው። ከእርሱ በፊትም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ለማንም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል።

የቀረው ትልቁ ነው፤ ምክርና ሥልጠና ይበቃል የሚለው። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ያለኝ ልዩነት ሰፊ ነው።

ምክርና ሥልጠና ሲሰጥ ሃያ ዓመት አልፏል። ብዙ ኢንጂነር ሠልጥኗል፤ ክሮም እንዴት እንደሚመለስ፣ ውኃ እንዴት እንደሚቆጠብ የማያውቅ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ዛሬ ካለ ማወቅ የማይፈልግ ነው። አስገዳጁ ሕግም «ሲደርስ ይደርሳል» የሚባል አይደለም፤ ከደረሰ ቆይቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ነባር ፋብሪካዎች ደረጃውን እንዲያሟሉ አምስት ዓመት ሰጣቸው፤ ፍሳሻቸውን ራሳቸው እየለኩ እንዲመዘግቡና ሪፖርት እንዲያቀርቡም አዘዘ። አምስቱ ዓመት ካለቀ ስንት ዓመት ሆነው? እርስዎ ይቁጠሩት። በዚህ መካከል ሕጉን ያስፈጽማል የተባለው መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን የነበረው በ2005 ሚኒስቴር ሆነ፣ በ2011 ኮሚሽን ሆነ፣ በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። ማኅተምና ታፔላ በተቀየረ ቁጥር ልምድ ያለው ሰውና መዝገብ አብሮ ይበተናል። ከዚህም የባሰ ነገር ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የማጽደቅ ሥልጣን ለየዘርፉ ሚኒስቴሮች ተሰጠ። ማዕድን እንዲስፋፋ የሚሠራው መሥሪያ ቤት የማዕድኑን ጉዳት ራሱ ይመዝን ተባለ። ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛም አንድ ሲሆን ፍርዱ ምን እንደሚሆን ጥያቄ የለውም።

ስለዚህ ሕግ አልጎደለንም። የጎደለን የሚታመን ልኬት ነው። ማን ይለካል? ለለካው ማን ይከፍለዋል? ውጤቱንስ ማን ያያል? የኢንዱስትሪ ብክለት ፖሊሲ ሁሉ የሚቆመውም የሚወድቀውም በእነዚህ ላይ ነው።

በአሁኑ አሠራር የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማውን የሚሠራውን አማካሪ የሚቀጥረውና የሚከፍለው የፕሮጀክቱ ባለቤት ነው። አማካሪው ፋብሪካው መጥፎ ቦታ ላይ ነው ብሎ ቢጽፍ የሚቀጥለውን ሥራ ማን ይሰጠዋል? የህንዷ ጉጃራት ግዛት ልክ እንደዚሁ ነበረች። ፋብሪካዎች የራሳቸውን ኦዲተር እየቀጠሩ ሲያስለኩ፣ ሪፖርት የሚደረገው ልኬት በሚያስገርም ሁኔታ ከተፈቀደው ጣሪያ ዝቅ ብሎ ይከማች ነበር። ከዚያ የግዛቲቱ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ ከኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሙከራ አደረገ። በተመረጡ ፋብሪካዎች ላይ ኦዲተሩ በዕጣ ተመደበ፤ ክፍያውን ከፋብሪካው ሳይሆን ከጋራ ቋት አገኘ፤ ከለካቸው ጥቂቶቹ በሌላ ሰው ተመልሰው ተለኩ። የሐሰት ሪፖርት በ80 በመቶ ቀነሰ። የበለጠ የሚገርመው፣ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ብክለታቸውን ቀነሱ። የተጨመረ አዲስ ደረጃ የለም፤ የተቀየረው ኦዲተሩን የሚመድበው፣ የሚከፍለውና ሥራውን የሚፈትሸው ብቻ ነው።

ውጤቱን ማን ያያል ለሚለው ኢንዶኔዥያ መልስ አላት። እ.ኤ.አ. በ1995 ፍርድ ቤቱ በማይታመንበት፣ ተቆጣጣሪው አቅም በሌለበት ሁኔታ፣ ፋብሪካዎችን በአምስት ቀለም ከፍላ ማውጣት ጀመረች፦ ወርቅ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር። በመጀመሪያው ዙር ከተመዘኑት 187 ፋብሪካዎች ውስጥ ከሦስት ሁለቱ ገደማ ከደረጃ በታች ሆኑ። መንግሥት ወዲያው ስማቸውን አላወጣም፤ መጀመሪያ ጥሩዎቹን አመስግኖ፣ ለሌሎቹ ጥቂት ወራት ሰጣቸውና ከዚያ ሁሉንም ይፋ አደረገ። በተሰጣቸው ጊዜ ውስጥ ከጥቁርና ከቀይ ለመውጣት የተሯሯጡት ቀላል አልነበሩም። ይሉኝታ በእነርሱ ዘንድ ይህን ያህል ከሠራ፣ ይሉኝታ በአደባባይ በሚከበርበት በእኛ አገር አይሠራም የሚል ካለ ምክንያቱን ይንገረኝ።

ምስጢርነቱን መስበር ሌላም ጥቅም አለው። አዋጅ 300 በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በካይን ለባለሥልጣኑ መክሰስ እንደሚችል ይደነግጋል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተደሰተ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በአፍሪካ ደረጃ ለጋስ የሆነ አንቀጽ ነው። አንድ ሲቪክ ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ጉዳይ ባለሥልጣኑን ከስሶ ክሱ ውድቅ ተደርጎበታል። አንቀጹ ለወረቀት ጌጥ እንዳይቀር፣ ከሳሽ የሚሆነው ሰው በእጁ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ከፋብሪካው ጀርባ የሚወጣው ውኃ ቀለም መቀየሩን በዓይኑ አይቶ መመስከር ፍርድ ቤት ውስጥ ሩቅ አያስኬድም። ደንብ 159 ፋብሪካዎች እየለኩ እንዲያቀርቡ ያዘዘው ሪፖርት ይፋ ቢሆን ግን የወረዳው ነዋሪ ማስረጃውን ከመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ያወርደው ነበር።

ጸሐፊው በመጨረሻው አንቀጻቸው ለውይይት ዝግጁ ነኝ ብለዋል። መልካም። እንግዲያውስ አዲስ ሕግ፣ አዲስ ግብር፣ አዲስ ደረጃ አንጠይቅ፤ በእርሳቸው ሜዳ እንጫወት። በሁለት ነገሮች ብቻ ይስማሙ፦ የአካባቢ አማካሪና ኦዲተር ክፍያ ከፋብሪካው በቀጥታ ሳይሆን ከጋራ ቋት በዕጣ ለተመደበ ባለሙያ ይከፈል፤ በደንብ 159 መሠረት የሚቀርበው ሪፖርት ደግሞ የፋብሪካው ስም ሳይሰረዝ በየዓመቱ ይፋ ይሁን። ሁለቱም ከመንግሥት በጀት የሚጠይቁት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ፋብሪካ አያዘጉም፣ ባለሀብትም አያባርሩም። ፋብሪካዎቻችን እርሳቸው እንዳሉት ከመነሻቸው ንጹሕ ከሆኑ በሪፖርቱ የሚያፍር ማንም አይኖርም። ይህን እንኳ የሚቃወሙ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ምክንያቱን ያስረዱን።